የጣፊያ መርፌና የብርሃን ክር፦ ጎንደር ከየት ትጀምር?

ሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት፣ የከሳ ሰውነት፣ ከጎድን አጥንት ሥር ወርዶ በእጅ የሚዳሰስ ጣፊያ። ከመተማ ወይም ከሁመራ የሰሊጥ እርሻ እንዲህ ሆኖ ጎንደር የሚመጣ ወጣት ካላዛር እንደያዘው መጠርጠር ለሐኪም ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ማረጋገጡ ነው። ፈጣኑ የደም ምርመራ አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ በመርፌ ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ ናሙና ተወስዶ፣ በቀለም ታክሞ፣ ተሕዋሱ በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል። ከሁለቱ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው የጣፊያው ናሙና ነው። ጣፊያ ግን ደም የሞላበት አካል ስለሆነ መርፌው ውስጣዊ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የተካነ እጅ፣ የደም መርጋት ምርመራና ከዚያ በኋላ ለሰዓታት አልጋ ላይ ክትትል ይፈልጋል። ጤና ጣቢያ ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም።

የተሕዋሱን ዲኤንኤ ከክንድ በሚቀዳ ደም ውስጥ ማግኘት ከተቻለ ይህን መርፌ ማስቀረት ይቻላል። ዲኤንኤን በማሽን እያባዛ የሚለየው ፒሲአር ይህን ያደርጋል፤ ነገር ግን ማሽኑ፣ ከውጭ የሚገቡት ኬሚካሎች፣ ቀዝቃዛ ሰንሰለቱና የማይቋረጥ መብራቱ ከጥቂት ትልልቅ ተቋማት ውጭ እንዳይወጣ አድርገውታል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው የኦፕቲካል ፋይበር ሴንሰር የሚነሳው፦ ለኢንተርኔት ከሚዘረጋው የመስታወት ክር የተሠራ፣ ዲኤንኤን ያለ ምንም የሚያበራ ቀለም የሚለይ መሣሪያ። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው «በየገጠሩ ጤና ኬላ የሚገባ ላቦራቶሪ» እየተባለ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ቴክኖሎጂው ለጎንደር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያ ቦታው ግን ጤና ኬላው አይደለም፣ የሆስፒታሉ የካላዛር ክፍል ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማሳየት የመሣሪያውን አሠራርም የበሽታውን ጠባይም ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በሽታውን እናስቀድም። በእኛ አካባቢ ካላዛርን የሚያመጣው ሊሽማንያ ዶኖቫኒ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ቆላው ላይ የግራር ዛፍና የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር መኖሪያዋ ነው። ሕክምና ያላገኘ ታማሚ ከ95 በመቶ በላይ የመሞት ዕድል አለው። አርኬ39 የሚባለው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ተሕዋሱን ሳይሆን ሰውነት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። በሕንድ ክፍለ አህጉር ከ100 ታማሚ 97ቱን ያህል ይይዛል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ወደ 85 ይወርዳል። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2023 ካላዛርን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ያወጣች የመጀመሪያዋ አገር ስትባል እዚያ የሠራው ምርመራ እዚህ ሲመጣ ከመቶ አሥራ አምስቱን ይስታል ማለት ነው። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው ደግሞ ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካል በበቂ ላያመርት ስለሚችል የመሳቱ ዕድል ይብሳል። ሌላም ችግር አለ፦ ፀረ እንግዳ አካሉ ታማሚው ከዳነ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። በሽታው ያገረሸበትን ሰው ከዳነው ሰው በዚህ ምርመራ መለየት አይቻልም።

ሳይለይ የዘገየ በሽታ ምን እንደሚያደርግ ደቡብ ጎንደር ታውቀዋለች። ሊቦ ከምከም ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛር መሆኑ ከመታወቁ በፊት ሰዎችን ሲጨርስ የነበረው ትኩሳት መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ተወስዶ ነበር። ደጋ በሆነ፣ ካላዛር ይኖርበታል ተብሎ በማይጠበቅ ወረዳ ነው ይህ የሆነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንሂድ። የቴሌኮም ፋይበር ሁለት ዓይነት መስታወት አለው። ብርሃኑ የሚሄድበት መሐል ውፍረቱ ወደ 9 ማይክሮሜትር ነው፤ ከዙሪያው ሽፋን ጋር 125 ማይክሮሜትር ይሆናል። መሐሉ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ከሽፋኑ ትንሽ ስለሚበልጥ ብርሃኑ ከወሰኑ እየተመለሰ ወደፊት ይጓዛል። የፊዚክስ ሊቁ ቻርለስ ካኦ እ.ኤ.አ. በ1966 መስታወቱ በበቂ ሁኔታ ከጠራ ብርሃን ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሄድበት እንደሚችል በስሌት አሳየ፤ በ2009 ኖቤል የተሸለመውም በዚህ ነው። ብርሃኑ ከወሰኑ ሲመለስ ግን እዚያው ላይ ተቆርጦ አይቀርም። ከወሰኑ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በጣም አጭር ርቀት ውስጥ እየደከመ የሚጠፋ ጠርዝ አለው። ለቴሌኮም ባለሙያ ይህ ጠርዝ እንዳይባክን በሽፋን የሚጠበቅ ነገር ነው። ለሴንሰር ሠሪ ግን ሥራው በሙሉ ያለው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው፤ ጠርዙ የነካውን ነገር ብርሃኑ ይዞት ይመጣልና።

ጠርዙን ወደ ውጭ ለማውጣት ብዙ መንገድ አለ። ፋይበሩን አሙቆ እየሳቡ እስከ ጥቂት ማይክሮሜትር ማቅጠን አንዱ ነው። ሽፋኑን በአሲድ ማሳሳትም ይሠራል፤ ለዚህ የሚውለው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ግን ቆዳን አልፎ አጥንት ድረስ የሚጎዳ በመሆኑ በቂ መከላከያ በሌለበት ላቦራቶሪ እንዲሞከር አልመክርም። በመስታወቱ ውስጥ በሌዘር ተከታታይ መስመሮች መጻፍም አለ፤ ግሬቲንግ ይባላል፤ ኬኔት ሂልና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ ብርሃን የፋይበርን መሐል እንደሚለውጥ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሌላው ፋይበሩን 50 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ባለው ወርቅ መቀባት ነው። የትኛውም ቢመረጥ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ከፋይበሩ በሚወጣው ብርሃን ውስጥ አንድ የሞገድ ርዝመት ላይ ጉድጓድ ወይም ጉብታ ይታያል፤ ከፋይበሩ ውጭ ያለው ነገር ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ሲለወጥ ያ ጉድጓድ ቦታውን ይለቃል።

ይህ ከዲኤንኤ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። መስታወቱ ወይም ወርቁ ላይ 20 ገደማ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያለው አጭር ነጠላ የዲኤንኤ ክር ይተከላል፤ ከሚፈለገው ተሕዋስ ዲኤንኤ ጋር እንዲጣመር ሆኖ የተሠራ ነው። በናሙናው ውስጥ ጥንዱ ካለ መጥቶ ይያያዛል። ውሃ ብርሃን የሚሰብርበት መጠን 1.33 ነው፤ ዲኤንኤ ከዚያ ይበልጣል። ውሃ የነበረበትን ቦታ ዲኤንኤ ሲይዘው ጉድጓዱ ይንቀሳቀሳል፤ መሣሪያውም ያን ይመዘግባል። በተለመደው ዘዴ ጥንዱ መገኘቱን የሚናገረው ዲኤንኤው ላይ የተጣበቀ የሚያበራ ቀለም ነው፤ ቀለሙ ከብርሃንና ከሙቀት ተጠብቆ መቀመጥ ያለበት፣ ከውጭ የሚገባና የሚወደድ ዕቃ ነው። ያለ ምልክት፣ ማለትም ያለ ቀለም፣ የሚሠራው ፋይበር ከዚህ ወጪ ያወጣል። ተጨማሪም አለው፦ መያያዙ ሲካሄድ ከሰከንድ ወደ ሰከንድ መከታተል ይቻላል፤ ፋይበሩን በሙቀት ወይም በኬሚካል አጥቦ ደግሞ መጠቀምም ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ ያማረ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቁጥር ነው፤ ስለነዚህ ሴንሰሮች በሚወጡ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ በቶሎ የሚታለፈውም ይኸው ነው።

የፋይበር ሴንሰሮች ዲኤንኤውን ሳያባዙ ብዙ ጊዜ የሚደርሱበት ደረጃ ናኖሞላር፣ ሲሻሻሉም ከዚያ ሺህ ጊዜ የሚያንሰው ፒኮሞላር ነው፤ ሁለቱም በፈሳሽ ውስጥ ያለ ዲኤንኤ የሚለካባቸው የክምችት መጠኖች ናቸው። አንድ ፒኮሞላር በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 600 ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው። ወባን እንውሰድ። ለፈጣን የወባ ምርመራዎች መመዘኛ ሆኖ የሚወሰደው በአንድ ማይክሮሊትር ደም 200 ተሕዋስ ነው፤ በሚሊሊትር 200,000 ይሆናል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን ዘረመል ለሚፈልግ የፒኮሞላር ሴንሰር ይህ 3,000 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ወባ ለእንዲህ ያለ ፋይበር ጥሩ መነሻ አይደለም፤ ምንም እንኳ ወባን በዲኤንኤ የመለየት ፍላጎቱ እውነተኛ ቢሆንም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ አማራን ትግራይንና ጋምቤላን ያካተተ ጥናት በርካታ የፋልሲፓረም (የከባዱ ወባ) ተሕዋሳት ፈጣን ምርመራው የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል ማጣታቸውን አሳይቷል፤ ምርመራው እነሱን አያያቸውም።

የካላዛር ተሕዋስ ግን ወባ የሌለው አንድ ነገር አለው። ሊሽማንያ ከኒውክሌሱ ውጭ፣ በሚቶኮንድሪያው ውስጥ፣ ኪኔቶፕላስት የሚባል የዲኤንኤ ክምችት ይይዛል። በውስጡ ሚኒሰርክል የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው 800 ያህል ቤዝ ያላቸው ጥቃቅን ክቦች አሉ፤ በአንድ ተሕዋስ ውስጥ 10,000 ያህል ናቸው። ተፈጥሮ ራሷ አባዝታ አስቀምጣዋለች። ፒሲአር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ካወቁት ቆይተዋል፤ ያለ ማባዣ ለሚሠራ ፋይበር ግን ትርጉሙ ከዚያም ይበልጣል። በአንድ ሚሊሊትር ደም 100 ተሕዋስ ብቻ አለ እንበል። በኒውክሌሱ ያለ አንድ ቅጂ ዘረመል ብንፈልግ በሚሊሊትር 100 ቅጂ ነው፤ ተስፋ የለውም። ሚኒሰርክሉን ብንፈልግ አንድ ሚሊዮን ይሆናል። አምስት ሚሊሊትር ደም ቀድተን ዲኤንኤውን ወደ 20 ማይክሮሊትር ብናጠራቅመው፣ በማውጣቱ ሂደት ምንም ካልጠፋ፣ መጠኑ በሚሊሊትር 250 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ይህም 0.4 ፒኮሞላር ነው። በወባው ካየነው የ3,000 ጊዜ ልዩነት ወደ ሁለት ጊዜ ተኩል ወርደናል። ይህ በሥራ የሚሞላ ልዩነት ነው።

ክቦቹ ግን እርስ በርስ ተጠላልፈው አንድ መረብ ሆነው ነው የሚገኙት። ነጻ እንዲወጡ በኢንዛይም መቆረጥ፣ ነጠላ ክር እንዲሆኑ ደግሞ ወደ 95 ዲግሪ መሞቅ ያስፈልጋቸዋል፤ ተመልሰው ከራሳቸው ጥንድ ጋር ሳይያያዙ ፋይበሩ ላይ መድረስ አለባቸው። ከዚህ የሚከፋው ግን የታማሚው የራሱ ዲኤንኤ ነው። አንድ የሰው ነጭ የደም ሕዋስ 6.6 ፒኮግራም ዲኤንኤ ይይዛል። ካላዛር ነጭ ሕዋሳትን ይቀንሳል፤ በአንድ ሚሊሊትር ሁለት ሚሊዮን ብቻ ቀርተዋል ብንል እንኳ የሰውዬው ዲኤንኤ 13 ሚሊዮን ፒኮግራም ይመዝናል። የመቶዎቹ ተሕዋሳት ሚኒሰርክል ሁሉ ተደምሮ አንድ ፒኮግራም አይሞላም። በጤፍ ብናስበው ከአንድ ኩንታል ውስጥ ሃያ ፍሬ ያህል መፈለግ ነው።

«ያለ ምልክት» የሚለው ነገር ሁለተኛ ፊቱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። የሚያበራው ቀለም ውድ ቢሆንም አንድ ጥቅም ነበረው፦ የሚያበራው ትክክለኛው ዲኤንኤ ሲገኝ ነው። ፋይበሩ ግን ክብደት ያለውን ሁሉ ያያል። ፕሮቲን ቢለጠፍበት ይንቀሳቀሳል፤ የሰው ዲኤንኤ ሳይጣመር ቢያርፍበትም ይንቀሳቀሳል፤ ክፍሉ ቢሞቅም ይንቀሳቀሳል። በ1,550 ናኖሜትር የሚሠራ የብራግ ግሬቲንግ (ከላይ ያልነው በሌዘር የሚጻፍ መስመር) በአንድ ዲግሪ ሙቀት 10 ፒኮሜትር ያህል ይዛወራል፤ ዲኤንኤው የሚያመጣው መዛወርም ብዙ ጊዜ ከዚህ ብዙ አይበልጥም። በጠዋቱ የጎንደር ብርድ የተስተካከለ መሣሪያ እኩለ ቀን ላይ የሌለ ካላዛር ሊያነብ ይችላል፤ መተማ ላይ፣ በበጋው ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ነገሩ የባሰ ነው።

መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። አንዱና በእኔ እይታ ግዴታ የሆነው ሁለት ፋይበር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ አንደኛው ላይ የሊሽማንያው ክር፣ ሁለተኛው ላይ ከማንም ጋር የማይጣመር ክር ይተከላል። ናሙናውና ሙቀቱ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ የሁለቱ ልዩነት ብቻ ይነበባል። ሁለተኛ ፋይበር ሳያስቀምጥ ውጤት የሚያቀርብ ጥናት ላይ ጥርጣሬዬን አልደብቅም። ሌላው የተተከለውን ክር በፒኤንኤ መተካት ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራው ይህ ሰው ሠራሽ ክር የዲኤንኤን ፊደል ይዞ የዲኤንኤን አሉታዊ ቻርጅ ግን አልያዘም። ሁለት ዲኤንኤ ክሮች በቻርጃቸው እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ለመያያዝ ጨው ይፈልጋሉ፤ ፒኤንኤ ይህን ግፊያ ያስቀራል፤ አንድ ፊደል እንኳ ሲሳሳት መያያዙ በግልጽ ይደክማል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለበት፣ ጤና ጣቢያው ላይ ከማን ጋር ነው የሚፎካከረው? ከላምፕ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ የቀረበው ይህ ዘዴ ዲኤንኤን ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለ አንድ ሙቀት ላይ ያባዛል፤ ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ ለካላዛር የተዘጋጀ ኪትም አለው። ገንዳ ውኃ ወይም አይከል ላይ ላለ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚያስፈልገው «አለ» ወይም «የለም» የሚል መልስ ነው፤ ያን ላምፕ እየሰጠው ፋይበርና የብርሃን መለኪያ ግዛ ማለት አግባብ አይመስለኝም።

ፋይበሩ የሚያስፈልገው የተሕዋሱን ብዛት ማወቅ ሲፈለግ ነው። ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው የያዟቸው ሰዎች ሕክምና ላይ ጎንደርና አብደራፊ የተካሄደ ሙከራ አለ፦ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲንና ሚልቴፎሲን የተባሉ መድኃኒቶች በአንድ ላይ ለ28 ቀን ይሰጣሉ፤ በመጨረሻው ተሕዋሱ መጥፋቱ ይታያል፤ ካልጠፋ ሌላ ዙር ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ የመድኃኒት ጥምረት መክሯል። መጥፋቱ የሚታየው በምንድን ነው? ተመልሶ በመርፌ ነው። አቅሙ የደከመ፣ ሁለት በሽታ የተሸከመ ሰው ጣፊያው ወይም መቅኔው ደግሞ ይወጋል፤ ካገረሸበት እንደገና ይወጋል። ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው ምርመራ ለዚህ ሰው ምንም አይነግረውም።

በሳምንት አንድ ጊዜ ከክንዱ በሚቀዳ ደም ተሕዋሱ እየቀነሰ መሆኑን ማየት ለእሱ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለሐኪሙም የሕክምናውን ርዝመት የሚወስንበት መረጃ ይሆናል። ፋይበሩ የሚደክምበት ነገርም እዚህ ይቀልለታል። ክፍሉ አንድ ነው፣ ሙቀቱን መቆጣጠር ይቻላል። ታማሚው ከራሱ ያለፈ ሳምንት ውጤት ጋር ስለሚነጻጸር መሣሪያው ሁሉንም ሰው በአንድ ልክ መመዘን አይጠበቅበትም። የሠለጠነ ባለሙያም አለ። በእርግጥ ሆስፒታል ውስጥ ተወዳዳሪው መጠን የሚለካው ፒሲአር ይሆናል፤ ፋይበሩ የሚመረጠው ከውጭ በሚገቡ ኢንዛይሞች ላይ ያለውን ጥገኝነት ከቀነሰና ውጤቱን በዚያው ቀን ካደረሰ ብቻ ነው። ኢንዛይሙ ሲያልቅ ሥራው እንደሚቆም የላቦራቶሪ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጎንደር ለዚህ ሥራ የሚያንሳት እንዳይመስለን። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ዓላማው በየገጠሩ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆነው በዚያው ተቋም ሥር የሊሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ፣ ባዮቴክኖሎጂም ፊዚክስም ይሰጣል። ፋይበር መቁረጥና በስፕላይሰር መቀጠል ደግሞ የቴሌ ቴክኒሻኖች በየቀኑ መንገድ ዳር የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ለዚህ ሙያ ከውጭ ሰው ማስመጣት አያስፈልግም። ውዱ ዕቃ የብርሃን መለኪያው ነው። እሱንም ቢሆን በሚታይ ብርሃን በሚሠራ ኤልኢዲና በተራ የብርሃን ዳሳሽ ለመጀመር ይቻላል፤ የሞገድ ርዝመት ከመለካት የብርሃን መጠን መለካት ትክክለኛነቱ ቢያንስም ዋጋው በብዙ ይወርዳልና። አስቸጋሪው የመስታወቱ ኬሚስትሪ ነው፦ ክሩን አጥብቆ መትከልና የሰው ዲኤንኤ እንዳይለጠፍ ቀሪውን ቦታ መሸፈን። ለምርምር የሚመደብ ገንዘብ ካለ ከመሣሪያ ግዢ በፊት ለዚህ ሥራ ኬሚስት መመደብ ይቅደም ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ሙከራም ግልጽ ነው። በሕክምና ላይ ካሉ ፈቃደኛ ታማሚዎች ለመደበኛ ክትትል ከሚቀዳው ደም ላይ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲፈቅድ፣ በሕክምናው መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ናሙና ይወሰድ። አንዱ ክፍል መጠን በሚለካ ፒሲአር፣ ሌላው በሁለት ፋይበር ይመርመር፤ ፋይበሩን የሚያነበው ሰው የፒሲአሩንም የማይክሮስኮፑንም ውጤት አይወቅ። ፋይበሩ የተሕዋሱን መቀነስ ከፒሲአሩ ጋር እኩል ከተከተለ ቀጣዩ ጥያቄ በስንት ሰዓትና በስንት ብር እንደሚሠራው ይሆናል። ካልተከተለ ደግሞ ሚኒሰርክሉን በትንሹ አባዝቶ መሞከር ይቻላል፤ ያም ካልሠራ ገንዘቡ ወደ ላምፕና ወደ ፒሲአር ይዙር።